መሄድ ለሚችል ሰው፦ ወንጌልን በአዲስ አበባ ጎዳና መመስከር

አዲስ አበባ ላይ ወንጌልን ለማታውቁት ሰው ልትነግሩ ስትወጡ ቀድሞ የሚመጣላችሁ መልስ "እኔ እኮ ክርስቲያን ነኝ" የሚል ነው። እውነታቸውን ነው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ከከተማዋ ነዋሪ 74.7 በመቶው ኦርቶዶክስ፣ 16.2 በመቶው ሙስሊም፣ 7.8 በመቶው ፕሮቴስታንት ነበር። አጠገባችሁ የሚያልፈው መንገደኛ በ40 ቀኑ ክርስትና የተነሣ፣ ማተብ ያሰረ፣ ረቡዕና ዓርብን የሚጾም ሰው ነው፤ ካልሆነም ዒሳን በነቢይነት የሚያከብር ሙስሊም ነው። ፒያሳ ላይ ነጠላ ያጣፉ እናት አስቁማችሁ "ስለ ኢየሱስ ሰምተው ያውቃሉ?" ብትሏቸው ሊስቁባችሁ ይችላሉ። ሳይስቁ ካለፏችሁ ትዕግሥታቸው ነው።

ስለዚህ ከሌላ ቦታ እንነሣ። የምታገኙት ሰው እምነት አለው፤ ጥያቄ አለው፤ ከቤተ እምነት ሰዎች ጋር የቆየ ቅያሜ ሊኖረው ይችላል፤ ከዚያ ሁሉ በላይ ደግሞ ይቸኩላል። የእናንተ ድርሻ ከወንጌል አንድ ታሪክ መንገር፣ አንድ ጥያቄ መጠየቅ፣ ከዚያም የሚለውን መስማት ነው። ለዚህ ሁሉ ቅድመ ሁኔታው ሰውየው በፈለገበት ሰከንድ ጥሏችሁ መሄድ መቻሉ ነው። መሄድ የማይችልን ሰው አትስበኩ። ከዚህ በታች የምዘረዝረው አብዛኛው ነገር ከዚህች አንድ ደንብ የሚወጣ ነው።

ከመውጣታችሁ በፊት

አንድ ታሪክ ብቻ አዘጋጁ። ብዙ ወጣቶች አራት አምስት የትምህርት ነጥብ ከነጥቅሱ በቃላቸው ይዘው ይወጣሉ፤ ነጥብ ቁጥር ሁለት ላይ ሲደርሱ አድማጩ ታክሲ ይዞ ሄዷል። ታሪክ ግን ጆሮ ይይዛል። በሉቃስ 15 ያለው የሁለቱ ልጆች ታሪክ፣ በሉቃስ 18 ፈሪሳዊውና ቀራጩ፣ በማርቆስ 10 ዕውሩ በርጤሜዎስ ሁሉም ለጎዳና ይሆናሉ። እኔ ለአዲስ አበባ የሉቃስ 19ን ዘኬዎስ እመርጣለሁ። በ2009 ዓ.ም. የቀን ገቢ ግምት ሲወጣ የደረጃ "ሐ" ግብር ከፋዮች ምን ያህል እንደተቆጡ ለሚያስታውስ የመርካቶ ነጋዴ "የቀራጮች አለቃ" ሲባል ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ፊቱ ላይ ወዲያው ታዩታላችሁ።

በራሳችሁ አፍ፣ ሳታነብቡ፣ ይህን ያህል ይበቃል፦

"ኢያሪኮ በምትባል ከተማ ዘኬዎስ የሚሉት የቀራጮች አለቃ ነበር። ሀብታም ነው፤ ሕዝቡ ግን አይወደውም፤ ገንዘቡ ከየት እንደመጣ ያውቃላ። አንድ ቀን ኢየሱስ በከተማው እያለፈ ነው ሲባል ሊያየው ወጣ። ቁመቱ አጭር ነበርና ሰው ጋረደው። ያ ሁሉ ሹመት ያለው ሰውዬ እንደ ልጅ ሮጦ ሾላ ላይ ወጣ። ኢየሱስ ዛፉ ሥር ሲደርስ ቀና አለና በስሙ ጠራው፤ ዛሬ የማርፈው አንተ ቤት ነው፣ ቶሎ ውረድ አለው። ሰዉ አጉረመረመ፤ ሌላ ቤት ጠፍቶ ነው እዚህ ሌባ ቤት የሚገባው? ዘኬዎስ ግን በደስታ ተቀበለው፤ ቆሞም ከንብረቱ ግማሹን ለድሆች እንደሚሰጥ፣ አታልሎ የወሰደውንም አራት እጥፍ አድርጎ እንደሚመልስ ተናገረ።"

ከአንድ ደቂቃ ብዙም አያልፍም። ቀጥሎ ጥያቄው፦ "ኢየሱስ ሰውየው ገንዘቡን ሳይመልስ ቤትህ እገባለሁ ማለቱን እንዴት ያዩታል?" ይህን ጥያቄ አትናቁት። ታሪኩን በጥንቃቄ ካነበባችሁት ቅደም ተከተሉ ሰዉ ከሚጠብቀው የተገለበጠ ነው። በስም መጠራቱ፣ "ቤትህ እመጣለሁ" መባሉ ይቀድማል፤ ንስሐው ይከተላል። ነጋዴው "መጀመሪያ ይመልስ እንጂ!" ካላችሁ ወንጌሉ የሚያስደነግጥበትን ቦታ ራሱ አግኝቶታል፤ እናንተ ልትነግሩት ስትዘጋጁ የነበረውን እሱ አነሣላችሁ። "እኔም ቤት እንዲህ ቢመጣ" ብሎ ዝም የሚልም ይኖራል። ያን ጊዜ ዝምታውን በስብከት አትሙሉት።

ልምምዱ እንዲህ ነው። ታሪኩን ከአጥቢያችሁ ላልሆነ ሰው፣ ለአክስታችሁ ወይም ለቡና ለሚጠሯችሁ ጎረቤት ንገሩ። ያለ ርኅራኄ የሚያርም ሰው ይሻላል። ዘኬዎስ ገና ዛፉ ላይ ሳይወጣ "ጸጋ"፣ "ዳግም ልደት"፣ "የመዳን ዕቅድ" የሚሉ ቃላት ከአፋችሁ ከወጡ ከመጀመሪያው ጀምሩ።

የራሳችሁን ሕይወት የምትመሰክሩ ከሆነ አሳጥሩ፤ ከማመናችሁ በፊት የነበረውንም አታጋንኑ። ሱስና ድብድብ ሲበዛበት ሰሚው የሚያስታውሰው ሱሱንና ድብድቡን ነው።

ሁለት ሁለት ሆናችሁ ውጡ። ኢየሱስ በማርቆስ 6 ደቀ መዛሙርቱን ሁለት ሁለት አድርጎ መላኩ ለጎዳናም ይሠራል፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ዝም ብሎ በልቡ ይጸልያል፤ ሰዓትና አካባቢ ይጠብቃል። ሁለተኛው አፉን ከከፈተ ለአንድ ሰው ሁለት ሰባኪ ይሆናል፤ ሰውየውም የተከበበ ይመስለዋል። ከተቻለ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ቢሆኑ ይመረጣል። የት እንደምትሄዱ ለአጥቢያችሁ ሽማግሌዎች ንገሩ፤ መታወቂያችሁ ኪሳችሁ ውስጥ ይሁን።

ሕጉንም እወቁት። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 እምነትን በግልም በጋራም የመግለጽ ነጻነትን ይሰጣል። ሰባኪዎች ይህን መጥቀስ እንወዳለን፤ ከዚያው አንቀጽ ንዑስ 3ን ግን እንዘላለን። እሱ የሰውን እምነት የመያዝ ነጻነት በማስገደድ መገደብን ይከለክላል፤ ለእናንተ የተሰጠው ነጻነት ለመንገደኛውም ተሰጥቷል ማለት ነው። ንዑስ 4 ደግሞ ልጆችን በእምነታቸው የማሳደግ መብት የወላጆችና የአሳዳጊዎች መሆኑን ይናገራል። ዩኒፎርም የለበሰ ተማሪ ካገኛችሁ ሰላምታ ሰጥታችሁ እለፉ። ወላጁ አጠገቡ ከሌለ ምንም አታስጀምሩት፤ ከረሜላ መስጠትማ ፈጽሞ አይታሰብ። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 492 የተፈቀደን ሃይማኖታዊ ሥርዐት ማወክና የተቀደሰ ቦታን ወይም ዕቃን ማዋረድ ያስቀጣል። ደንብ አስከባሪ ወይም ፖሊስ "ከዚህ ሂዱ" ካላችሁ ሂዱ። አንቀጽ የምትጠቅሱት ቢሮ ሄዳችሁ ነው እንጂ አስፋልት ዳር ቆማችሁ አይደለም።

ይህ ሁሉ ለአዲስ አበባ ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለምትሠሩ የማቀርበው ምክር አጭር ነው፦ ጎዳና ላይ አትሞክሩት። በብዙዎቹ ሙስሊምን ወደ ሌላ እምነት መጋበዝ በሕግ ያስቀጣል፤ የቤት ሠራተኛ ለሆነች እህት ደግሞ መዘዙ ከሥራና ከአገር መባረር ሊሆን ይችላል። እስራኤል ውስጥ በ1977 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ ሰው ሃይማኖቱን እንዲለውጥ ገንዘብ ወይም ሌላ ጥቅም መስጠትን ይከለክላል። አሜሪካ ውስጥ የሕዝብ የእግረኛ መንገድ ላይ መናገር በሕገ መንግሥቱ የተጠበቀ ነው፤ የሐበሻ ገበያው ፊት ለፊት ያለው የመኪና ማቆሚያ ግን አብዛኛውን ጊዜ የግል ንብረት ነውና ባለቤቱን ሳታስፈቅዱ አትቁሙበት።

የትና መቼ

ለሰባኪ ከሁሉ የሚያጓጓው ቦታ የታክሲ ሰልፍ ነው። ማታ 12 ሰዓት ላይ መገናኛ ወይም ሜክሲኮ ብትቆሙ መቶ ሰው ተሰልፎ ታገኛላችሁ፤ የትም አይሄድም። ለዚህም ነው የምከለክላችሁ። ሲሠራ የዋለ፣ እግሩ ያበጠ፣ ወረፋው እንዳይወሰድበት የሚሰጋ ሰው አፉ ዝም ቢል ልቡ እየሰደባችሁ ነው። ሚኒባስ፣ የከተማ አውቶቡስና ቀላል ባቡርም እንደዚሁ ናቸው፤ ተሳፋሪው መሬት እስኪወርድ ድረስ የእናንተ እስረኛ ነው። አስተናጋጇ፣ የሱቅ ሻጩ፣ ዘበኛውና የፓርኪንግ ሠራተኛው ሥራቸው ላይ ናቸው፤ ትተዋችሁ ቢሄዱ አለቃቸው ይጠይቃቸዋል። ሆስፒታል ተኝቶ ያለ ሰው ላይ ሳይጠራችሁ አትሂዱ። ሊስትሮ ጋ ጫማውን የሚያስጠርገውም ቢሆን አንድ እግሩ ሣጥን ላይ ነው። ሊስትሮውን ራሱን ልስበከው ካላችሁ ደግሞ ተዘጋጁ፤ ከደቡብ ከመጡት ልጆች መካከል ከእናንተ የበለጠ ጥቅስ የሚያውቅ አይታጣም።

ሰው ፈቅዶ የተቀመጠበትን ፈልጉ። በኮሪደር ልማቱ በፒያሳ፣ በአራት ኪሎና በቦሌ የሰፋው የእግረኛ መንገድ አግዳሚ ወንበር አለው። መስቀል አደባባይ ጠዋት ሩጫቸውን ጨርሰው ደረጃው ላይ የሚያርፉ አሉ። ስድስት ኪሎ አካባቢ ከትምህርት ሰዓት ውጭ ተማሪዎች ይቀመጣሉ፤ የፈተና ሰሞን ግን ተዉአቸው። ጥሩው ሰዓት ከጠዋቱ 4 እስከ 6፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከ9 እስከ 11 ነው። ሲመሽ ማንም ማንንም አያምንም።

የቀን መቁጠሪያ ያዙ። በወር 12 ሚካኤል፣ 19 ገብርኤል፣ 21 ማርያም፣ 23 ጊዮርጊስ፣ 27 መድኃኔዓለም ነው፤ በእነዚህ ቀናት በየስማቸው ካሉት አብያተ ክርስቲያናት ደጅ ራቁ። በ23 ፒያሳ ጊዮርጊስ በር ላይ ቆሞ ከቅዳሴ ለሚወጣ ሰው የሌላ አጥቢያ ትራክት ማደል ምስክርነት ሳይሆን ጠብ መፈለግ ነው። የደመራና የጥምቀት ዕለት ቤታችሁ ተቀመጡ። ዓርብ ቀትር ላይ መርካቶ አንዋር መስጊድ አካባቢ አትታዩ፤ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያንም እዚያው ጎን ነውና አንድ ያልታሰበበት ቃል ሁለት ምእመን ያስቆጣል።

ጾምንም አትርሱ። ቆማችሁ ያወራችሁት ሰው ሻይ ቤት እንቀመጥ ካላችሁና ቀኑ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነ፣ ወይም 55 ቀን የሚጾመው ዐቢይ ጾም ከገባ፣ እሱ ሳያዝ ለራሳችሁ የወተት ማኪያቶ አትዘዙ። ማክበር በቃል ከሚነገረው በፊት ጠረጴዛ ላይ ይታያል። በረመዳን ደግሞ ሙስሊምን ቀን ላይ ሻይ አትጋብዙ፤ ማስቲካም እያኘካችሁ አታናግሩት።

ስለ ሞንታርቦ አንድ ነገር ልበል። ድምፅ ማጉያ ተክሎ ጎዳና ላይ የሚሰብከውን ሰው ቅንዓት አልጠራጠርም፤ ጥቅሙን ግን እጠራጠራለሁ። ፎቅ ላይ ሕፃን የምታስተኛው እናት፣ ከሌሊት ፈረቃ ገብቶ የተኛው ሠራተኛና ስልክ የሚያናግረው ባለ ሱቅ መሄድ አይችሉም። ሰሚው ጥያቄ መጠየቅም አይችልም፤ ማይኩ የአንድ ሰው ነው። ተዉት።

የመጀመሪያው ቃል

መንገድ ላይ የቀረባችሁት ሰው በሁለት ሰከንድ ውስጥ ሦስት ነገር ይጠረጥራል። ሌባ ናቸው፤ አንዱ ሲያወራኝ ሌላው ስልኬን ሊወስድ ነው። ወይም የኔትወርክ ማርኬቲንግ ልጆች ናቸው። ወይም ልመና ነው። ሴት ከሆነችና የቀረባት ወንድ ከሆነ አራተኛ አለ፦ ለካፊ ነው። ስለዚህ ከኋላ አትምጡ፤ ፊት ለፊት፣ ሁለት እርምጃ ርቃችሁ ቁሙ። እጃችሁ ይታይ። ትከሻ አትንኩ። ወንድ ብቻዋን ያለችን ሴት አያስቁም፤ ሴቷ ታናግራት። "አንድ ደቂቃ ላናግርህ?" የሚለውን መግቢያ ሻጮቹ ጨርሰውታልና ተዉት።

ማንነታችሁንና የመጣችሁበትን በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ተናገሩ፦ "ጤና ይስጥልኝ፣ እገሌ እባላለሁ፤ ከእንዲህ ያለ ቤተ ክርስቲያን ነኝ። ከወንጌል አንዲት አጭር ታሪክ ብነግርዎት ይፈቅዳሉ? ካልተመቸዎት ምንም አይደለም።" የቤተ ክርስቲያናችሁን ስም መደበቅ፣ "መጠይቅ እየሞላን ነው" ብሎ መጀመር፣ "ሃይማኖት አይደለም የምንሰብከው" ማለት የሚጠቅም ይመስላል። ሰውየው ከአምስት ደቂቃ በኋላ እውነቱን ሲያውቅ ግን ታሪኩም አብሮ ይወድቃል።

ዕድሜ ጠና ላሉት "እርስዎ"፤ እንደ ሁኔታው "ጋሼ"፣ "እትዬ"፣ "እማማ"፣ "አባባ"። ለእኩያ "ወንድሜ"፣ "እህቴ"። ሰው ራሱን ነቅንቆ ካለፈ "መልካም ቀን" ብላችሁ ባላችሁበት ቁሙ። አንድ እርምጃ እንኳ አትከተሉት።

ማዳመጥ

ለዚህ ከሐዋርያት ሥራ 8 የተሻለ ትምህርት አላውቅም፤ ነገሩ የእኛንም ሰው የሚመለከት ነው። ፊልጶስ ከኢየሩሳሌም ወደ ጋዛ በሚወርደው መንገድ ላይ የህንደኬን ጃንደረባ ያገኘዋል። ሰውየው አምልኮ ፈጽሞ የሚመለስ፣ ሠረገላው ላይ ሆኖ ኢሳይያስን የሚያነብ አማኝ ነው። ፊልጶስ በስብከት አልጀመረም፤ የሚያነበው ይገባው እንደሆነ ጠየቀው። ሠረገላው ላይ የወጣውም ጃንደረባው ውጣ ስላለው ነው። ንግግሩን የጀመረውም ሰውየው እጁ ላይ ከያዘው ክፍል ነው እንጂ ከራሱ ኪስ ካወጣው አይደለም። ጎዳና ላይ ይህን ብቻ ብትይዙ ይበቃችኋል፦ ጠይቁ፣ ሲፈቀድላችሁ ግቡ፣ ሰውየው ካለበት ጀምሩ።

ኦርቶዶክስ ከሆነ ስለ ጌታችን ሕይወት ከእናንተ ጋር የሚጋራው ብዙ ነው። 81 መጽሐፍ የሚቀበለውና 66 የምትቀበሉት እናንተ በአራቱ ወንጌላት ልዩነት የላችሁም፤ እዚያው ቆዩ። ስለ ታቦት፣ ስለ ሥዕል፣ ስለ አማላጅነት እናንተ አታንሡ። "ማርያም" ብላችሁ በባዶው አትጥሩ፤ "እመቤታችን" ወይም "ቅድስት ድንግል ማርያም" በሉ፤ ይህን ለማለት ከእምነታችሁ የምትቀንሱት ነገር የለም። "ጌታን ተቀበሉ" የምትሉት ለእሱ "ጴንጤ ሁን" ተብሎ ይሰማዋል፤ ስለዚህ ማለት የፈለጋችሁትን በተራ አማርኛ በሉት። "ልትለውጡኝ ነው?" ብሎ በቀጥታ ከጠየቃችሁ አትሸሹ። "እኔ ፕሮቴስታንት ነኝ፤ የማምነውን እርስዎም ቢያምኑ ደስ ይለኛል። ዛሬ ግን የምጠይቅዎት የሉቃስን ወንጌል እቤትዎ ባለው መጽሐፍ እንዲያነቡ ብቻ ነው" በሉ፤ ይህን የምትሉት ግን እውነት ከሆነ ነው።

ሙስሊም ከሆነ ስለ ቁርአንና ስለ ነቢያቸው አንዲት ክፉ ቃል አትውጣችሁ፤ ጥቅስ እያነሣችሁም ቁርአንን ልታስተምሩት አትሞክሩ። ታሪኩን ንገሩት፤ ከጠየቃችሁ መልሱ፤ ካልጠየቃችሁ አመስግናችሁ ተለያዩ።

ብዙ ጊዜ ግን ሰው የሚያነሣው ክርክር ሳይሆን የራሱን ጉዳይ ነው። የቤት ኪራይ ጨምሮበታል፤ ልጁ ጅዳ ሄዶ ድምፁ ጠፍቷል፤ ባለቤቱ ታማለች። ያን ጊዜ ዘኬዎስን አውርዱትና ሰውየውን ስሙት። ወደ ታሪኩ ካልተመለሳችሁም አልከሰራችሁም።

ጸሎት ከመጸለያችሁ በፊት "ልጸልይልዎት?" ብላችሁ ጠይቁ። ዐይናችሁን ክፈቱ፤ መንገድ ላይ ናችሁ። እጃችሁን ራስ ላይ አትጫኑ፤ ድምፃችሁ ከንግግር ድምፅ አይበልጥ፤ ከግማሽ ደቂቃም አይለፍ። አጋንንት የማስወጣት ሙከራ ጎዳና ላይ አይደረግ፤ የአንድ ሰው ውርደት ለመቶ ተመልካች ትርዒት ይሆናል። የታመመ ሰው ካገኛችሁ "ተፈውሰሃልና መድኃኒትህን ተው" የሚል ቃል፣ በተዘዋዋሪም ቢሆን፣ ከአፋችሁ አይውጣ። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ዕድሜ ልክ የሚወሰድ ነው፤ የተለመደው የቲቢ ሕክምና 6 ወር ይፈጃል፤ ማቋረጥ ሰው ይገድላል። "መድኃኒትዎን ሳያቋርጡ ይውሰዱ" ማለትን የጸሎታችሁ ማሰሪያ አድርጉት።

ገንዘብ የሚለምናችሁ ይኖራል። መስጠት ከፈለጋችሁ ስጡና ዝም በሉ። ዳቦ ሰጥታችሁ ቀጥላችሁ የምትሰብኩ ከሆነ የጎዳና ልጁ እጁን የሚያነሣው ለማን እንደሆነ እናንተም እሱም አታውቁም። ምግብ የምታድሉበት ቀን ሌላ፣ የምትመሰክሩበት ቀን ሌላ ይሁን።

ስልካችሁ ኪስ ውስጥ ይቆይ። የማታውቁትን ሰው ስታናግሩ፣ ሲያለቅስ፣ ሲጸለይለት ቀርጾ ቲክቶክ ላይ መጫን ሰውየውን ማታለል ነው፤ ፈቅዶም ቢሆን ነገ ቤተሰቡ ሲያየው የሚደርስበትን አታውቁም። ቪዲዮው ሥር የሚከተለው የሃይማኖት ስድድብ ደግሞ በጥላቻ ንግግር አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሊያስጠይቅ እንደሚችል አስቡ።

ሲበላሽ

ሦስተኛ ሰው መጥቶ ጆሮውን ከጣለ ንግግሩን አሳጥሩ፤ አምስተኛው ሲመጣ ጨርሱ። በዚህች ከተማ ሰው መሰብሰብ ይወዳል፤ ከኋላ የቆመው ምን እንደተባለ ሳይሰማ ፊት ካለው ቀድሞ ይቆጣል። "መናፍቅ!" የሚል ካለ አትመልሱ። የጎዳና ክርክር ረቺ ቢኖረውም አማኝ አያፈራም። "ይቅርታ፣ አስቀይመን ከሆነ" ብላችሁ ተነሡ፤ በዚያው ቀን ወደዚያው ቦታ አትመለሱ። የሰከረ ሰው ሲያቅፋችሁ ፈገግ ብላችሁ ውሃ ስጡት እንጂ ታሪኩን አትጀምሩለት። አእምሮው የታወከ የመሰላችሁንም ሰው እንዲሁ፤ ዘመድ አጠገቡ ካለ ዘመዱን አናግሩ።

ከዚያ በኋላ

ትራክት ለጠየቀ ብቻ ስጡ። በየእጁ እያስጨበጣችሁ ብታልፉ ከሃያ እርምጃ በኋላ አዲሱ የእግረኛ መንገድ ላይ ታገኙታላችሁ፤ ቆሻሻ መጣል ያስቀጣል፤ የጌታ ስም የተጻፈበት ወረቀት ሲረገጥ ማየትም ከቅጣቱ ይብሳል። ከትራክት ይልቅ የሉቃስ ወይም የማርቆስ ወንጌል ብቻውን የታተመ ትንሽ መጽሐፍ እመርጣለሁ። ዕድሜያቸው ለገፋ የ1954ቱ እትም ቋንቋ ለጆሯቸው ይቀርባል፤ ወጣቱ አዲሱን መደበኛ ትርጉም በስልኩ ማንበብ ይቀለዋል፤ ማንበብ ለማይችል በድምፅ የተቀረጸ አለ። አማርኛ ብቻ ይዛችሁ አትውጡ። ኦኔሲሞስ ነሲብ አስቴር ጋኖ እያገዘችው የደከመበት የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ የታተመው በ1899 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከመቶ ዓመት በኋላ "በኦሮምኛ የለንም" ማለት ያሳፍራል።

የሰውየውን ስልክ አትጠይቁ፤ የእናንተን ስጡት። ለሴት የሴቷ ቁጥር ይሰጥ። መደወልና አለመደወል የእሱ ፈንታ ይሁን። ማታ አጥቢያ ላይ ሪፖርት ሲቀርብ "ዛሬ ይህን ያህል ሰው ዳነ" የሚለውን ልማድ አልወደውም፤ ሦስት ደቂቃ ቆሞ የሰማ ሰው በእናንተ መዝገብ ውስጥ መግባቱን አያውቅም። ሪፖርት ካስፈለገ ሰዎች የጠየቋችሁን ጥያቄ ጻፉ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ያ ዝርዝር ለሰባኪያችሁ ከየትኛውም ቁጥር የበለጠ ይጠቅማል።

ከደወለ ሰው የሚበዛበትን ካፌ ቅጠሩ፤ ቤታችሁም ቤቱም አይሁን። ሁለታችሁም ኑ። የማርቆስን ወንጌል አብራችሁ አንብቡ፤ 16 ምዕራፍ ነው፤ በየቀጠሮው አንድ ወይም ሁለት ምዕራፍ ይበቃል። እሱ ያንብብ፣ እሱ ይጠይቅ። መልሱን የማታውቁት ጥያቄ ከመጣ ለሚቀጥለው ጊዜ ጠይቃችሁ እንደምትመጡ ንገሩት፤ ጠይቃችሁም ኑ። የነፍስ አባቴን ላማክር ካለ አትከልክሉት። ሒሳቡን አንድ ቀን እናንተ፣ አንድ ቀን እሱ ይክፈል። ቀጠሮ ከቀረ አንድ ጊዜ ደውላችሁ ደኅንነቱን ጠይቁ፤ ካላነሣ ሁለተኛ አትደውሉ።